የሚፈታ ግድግዳ፦ ያለ ሞርታር የመገንባት ማስታወሻ

ቀን 1

ወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ሥራ ነው። ስፋቱ 1.1 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ የጡብ ልባስ እሠራለሁ። ልባስ ስል የሕንፃውን የውጭ ፊት ማለቴ ነው። ጣሪያ አይሸከምም፣ ወለል አይሸከምም። ዝናብና ፀሐይ ይመልሳል፣ ለሕንፃው መልክ ይሰጣል። ከጀርባው የሚደግፈው የብረት ፍሬም አለ።

ለራሴ ሁለት ሕግ አውጥቻለሁ። አንደኛ፣ ሞርታርም (ጡብን ከጡብ የሚያያይዘው የኖራ ወይም የሲሚንቶ ድብልቅ) ሙጫም ሲሊኮንም አይገባበትም። ሁለተኛ፣ ሁለት ሰዎች በተራ የእጅ መሣሪያ ፈተው መልሰው ሊገጥሙት ይገባል። ሦስት ጊዜ ይፈታል፣ ሦስት ጊዜ ይገጠማል። የተሰበረ ጡብ እቆጥራለሁ።

ጡቦቹ ከሁለት የፈረሱ ግድግዳዎች የመጡ አሮጌ ጡቦች ናቸው። አንዱ ግድግዳ በኖራ የተገነባ ነው፣ ሌላው በሲሚንቶ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሳጸዳ ዋልኩ። ልዩነቱን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። በእጅ ሲያውቁት ግን ሌላ ነው። ኖራው በመሮ ነካ ነካ ሲያደርጉት ይረግፋል፣ ጡቡ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ሲሚንቶው ግን ጡቡን ይዞ ነው የሚሄደው። ከሲሚንቶው ግድግዳ 20 ጡብ ሞክሬ ሳይሰበሩ የወጡት 7 ናቸው። ከዚያ በኋላ ተውኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኖራ ሞርታር ከጡቡ የላላ ነው። ግድግዳው ሲነቃነቅ ወይም ሲመታ የሚለቀው መጋጠሚያው ነው። የሲሚንቶ ሞርታር ግን ብዙ ጊዜ ከጡቡ ይጠነክራል፣ ስለዚህ የሚሰበረው ጡቡ ይሆናል። ጆሴፍ አስፕዲን የፖርትላንድ ሲሚንቶን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1824 ነው። ከዚያ ወዲህ ግንባታ ፈጠነ፣ ጠነከረም። ጡብን መልሶ መጠቀም ግን ዋጋውን ከፈለ። 1,000 ዲግሪ አካባቢ በሆነ እሳት የተተኮሰ ነገር፣ ገና መቶ ዓመት ሊያገለግል የሚችል፣ ፍርስራሽ ሆኖ ይጣላል።

ኮፐንሃገን ውስጥ ሌንዳገር የተባለው የአርክቴክቶች ቢሮ ይህን ችግር በመጋዝ ነው ያለፈው። ሪሶርስ ሮውስ የተባለውን የመኖሪያ ሕንፃ ሲሠሩ፣ ከአሮጌዎቹ የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ሕንፃዎች የመጣውን ግድግዳ ጡብ በጡብ ማላቀቅ ስላልተቻለ በካሬ በካሬ ቆርጠው ወሰዱት። ብልሃት ነው፣ አደንቃለሁ። እኔ የምፈልገው ግን ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው መጋዝ እንዳያነሳ ነው።

ቀን 2

40 ጡብ በካሊፐር ለካሁ። ቁመታቸው 65 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት። ትንሹ 63፣ ትልቁ 67 ወጣ። ለአሮጌ ጡብ ደህና ነው ብዬ አለፍኩት። ማለፍ አልነበረብኝም።

ቀን 4

ዝም ብዬ ደረደርኩ። ማያያዣ የለ፣ ምንም የለ። ጡብ በጡብ ላይ። እስከ አምስተኛው ረድፍ ደስ ይላል። 12ኛው ረድፍ ላይ ውሃ ልኩን ሳስቀምጥ ግራና ቀኙ በ9 ሚሊ ሜትር ተለያይቷል። ይባስ ብሎ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለ አንድ ጡብ ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ። ከሥሩ ያለው ጡብ ትንሽ ጎበጥ ያለ ስለነበር መሐሉ ላይ ብቻ ነው ያረፈው። የላዩ ክብደት ጫፎቹን ሲጫናቸው ተቆረጠ።

አንድ አንጋፋ ግንበኛ ሊያዩ መጥተው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የገነቡ ሰው ናቸው። ዙሪያውን ዞረው አዩና፣ «ልጄ፣ አንቺ ሞርታር ማጣበቂያ ይመስልሻል እንዴ?» አሉኝ። «ምንድን ነው ታዲያ?» ስላቸው፣ «ፍራሽ ነዋ» ብለው ሳቁ።

ማታ ስገላበጥ ገባኝ። ሞርታር የሚያጣብቀውን ያህል ስህተትም ይውጣል። ጡቡ ሁለት ሚሊ ቢያጥር ሞርታሩ ሁለት ሚሊ ይወፍራል፣ ማንም አያይም። ሞርታሩን ሳወጣ ስህተቱ አብሮ አልወጣም። መሄጃ አጣና ወደ ላይ እየተጠራቀመ ወጣ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጡቡ በምን ይያያዝ?» ሳይሆን «ስህተቱ የት ይሂድ?» ነው።

ቀን 5

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ጡቡን በማሽን ፍቆ ቁመቱን እኩል ማድረግ ነው። ያለ ሞርታር የሚገጠም ጡብ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች መጠኑን በጣም ይጠነቀቁለታል። እኔ ግን ያለኝ አሮጌ ጡብ ነው።

ሁለተኛው መንገድ መለየት ነው። 180 ጡብ በሙሉ ለካሁ። አጫጭር፣ መካከለኛ፣ ረጃጅም ብዬ በሦስት ክምር ከፈልኩ። አንድ ረድፍ ከአንድ ክምር ብቻ። በየረድፉ መሐል 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የኢፒዲኤም ጎማ አነጠፍኩ። ይህ የመስኮት ጠርዝ ላይ የሚገባው ጥቁር ጎማ ነው። ፀሐይ ቶሎ አያደርቀውም፣ ከጡቡ ጋርም አይጣበቅም። ትንሽ ፍራሽ ማለት ነው። 12ኛው ረድፍ ላይ ልዩነቱ ወደ 2 ሚሊ ወረደ። የተሰነጠቀ የለም።

አሰልቺ ሥራ ነው፣ አልዋሽም። ጀርባዬ ተቆርጧል።

ቀን 7

ዛሬ የተቀመጥኩት ወረቀት ላይ ነው። በደረቁ የሚደረደር ጡብ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ሆላንድ ውስጥ ዳስ የተባለው ጡብ አምራች ያወጣው ክሊክብሪክ የሚባል አሠራር አለ። ጡቦቹ በማይዝግ ብረት ክሊፕ እየተያያዙ ይወጣሉ። ከዚያ የወሰድኩት ዋናውን ሐሳብ ነው፤ በእጅ የሚገባ፣ በእጅ የሚወጣ ክሊፕ።

የእኔው ክሊፕ 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ የማይዝግ ላሜራ የታጠፈ ነው። በሁለት ረድፍ መሐል ይተኛል። አንድ ጥርስ ወደ ላይ፣ አንድ ጥርስ ወደ ታች አለው። ጥርሶቹ ጡቡ ላይ በተበሳ ቀዳዳ ይገባሉ። ጭራው ከኋላ በቆመው የአሉሚኒየም ሐዲድ ላይ ይንጠለጠላል፣ ብሎን የለውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ተሟገትኩ፣ ከራሴ ጋር። ጡቡን በቀጭኑ ቆርጦ፣ ከጀርባው ቦይ አውጥቶ ሐዲድ ላይ ማንጠልጠልም ይቻላል። ቀለል ይላል፣ መግጠሙም ፈጣን ነው። ግን እንደዚያ የተቆረጠ ጡብ ከዚያ ሐዲድ ውጭ ለምንም አይሆንም። ሐዲዱን የሚያመርተው ሰው ሥራውን ያቆመ ቀን ጡቡም ያበቃለታል። በላይና በታች አራት ትንንሽ ቀዳዳ ያለው ሙሉ ጡብ ግን ያው ጡብ ነው። ነገ አንዱ በኖራ ሊገነባበት ቢፈልግ ቀዳዳው ማንንም አያስቸግርም። ስለዚህ ቀዳዳ።

180 ጡብ በ4 ቀዳዳ፣ 720 ቀዳዳ።

ቀን 9

720 ቀዳዳ አለቀ። ከእንጨት መምሪያ ሠርቼ ነው የበሳሁት፣ አለዚያ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም ነበር። የጡብ ብናኝ ሲሊካ አለበት፣ ሳንባ ይጎዳል። ጥሩ ማስክ ይደረግ፣ ጡቡም ይርጠብ። በጨርቅ አፍ መሸፈን አይበቃም።

ቀን 10

ትልቁ ጥያቄ መጣ። መሐል ላይ ያለ አንድ ጡብ ቢሰበር ምን ይደረጋል? እስካሁን በነበረው ሐሳብ ከላዩ ያለው ሁሉ መውረድ አለበት። አንድ ጡብ ለመቀየር ግማሽ ግድግዳ መፍታት ቀልድ ነው። የሚፈታ ነው ብዬ የማወራው ነገር በተግባር የማይፈታ ሆነ።

መፍትሔው መደርደሪያ ነው። በየ6 ረድፉ ኤል ቅርጽ ያለው የማይዝግ ብረት አሰርኩ። እያንዳንዱ መደርደሪያ 30 ጡብ ብቻ ይሸከማል፣ 72 ኪሎ ገደማ። ስድስት መደርደሪያ፣ ስድስት ራሱን የቻለ ግድግዳ። በየመደርደሪያው ሥር 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተውኩ። ከክፍተቱ ሥር ያለው ጡብ ከፍ ይደረግና ከክሊፑ ጥርስ ወጥቶ ወደ ፊት ይሳባል። ጡቡ ራሱ እንዳይነሳ ክፍተቱ ውስጥ ከጎን የሚገባ መቆለፊያ ዘንግ አለ። አንድ ብሎን ይይዘዋል።

ሞከርኩት። ጡቡ አልወጣም። ጥርሱን 12 ሚሊ፣ ክፍተቱን 10 ሚሊ አድርጌዋለሁ! ሁለት ቀን ወረቀት ላይ ተደፍቼ ይህን አላየሁም። የክሊፖቹን ጥርስ ሁሉ ወደ 8 ሚሊ ስቆርጥ አመሸሁ።

ቀን 11

ግንበኛው ዛሬም መጡ፣ አኮረፉም። ጡቡን እንደ ወጉ እያፈራረቅኩ ሳይሆን ቀጥ አድርጌ፣ ስፌት (በጡቦቹ መሐል ያለው መጋጠሚያ) በስፌት ላይ ነው የደረደርኩት። ለግንበኛ ይህ ስድብ ነው። እውነታቸውን ነው፤ በሞርታር ግንብ ውስጥ ጡቦቹ ካልተፈራረቁ ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች ይሮጣል። ነገር ግን ለማፈራረቅ በየሁለተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ግማሽ ጡብ ይፈለጋል። ግማሽ ማለት አንድ ሙሉ ጡብ መቁረጥ ነው። እዚህ እያንዳንዱን ጡብ የሚይዘው ክሊፑ ነው፣ ጎረቤቱ አይደለም። ስለዚህ አንድም ጡብ አልቆረጥኩም። ገለጽኩላቸው። «አይኔ አይወደውም» አሉ። እኔም ብዙ አልወደድኩትም፣ እውነት ለመናገር።

ቀን 12

ሐዲዶቹ። አሉሚኒየም በሙቀት ይለጠጣል፣ ከጡብ ብዙ ይበልጣል። 2.5 ሜትር የሆነ ሐዲድ በ50 ዲግሪ ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጡቡ አንድ ሚሊ እንኳ አይሞላም። ሐዲዱን በሦስቱም ቦታ ግጥም አድርጌ ካሰርኩት ወይ ይጎብጣል ወይ ብሎኑን ያላላል። የላይኛው ብሎን ጥብቅ፣ የታችኞቹ ሁለት ረዘም ባለ ቀዳዳ ውስጥ። ሐዲዱ ከላይ ተንጠልጥሎ ወደ ታች እንደ ልቡ ይለጠጣል።

አሉሚኒየምና የማይዝግ ብረት በእርጥበት ከተነካኩ ደግሞ አሉሚኒየሙ ይበላል። ስለዚህ በየብሎኑ አንድ የፕላስቲክ ሮንዴላ መሐላቸው ይገባል። የቆርቆሮ ሣጥኔ ዝርዝር፦ 33 ብሎን፣ 33 ዳዶ፣ 33 የብረት ሮንዴላ፣ 33 የፕላስቲክ ሮንዴላ። 18 ለመደርደሪያ፣ 9 ለሐዲድ፣ 6 ለመቆለፊያ።

ቀን 13

ነፋስ ያስፈራኝ ነበር። በባዶ የፈራሁት ነው። ነፋስ በሰከንድ 40 ሜትር ቢነፍስ ግፊቱ 980 ፓስካል ገደማ ነው። የአንድ ጡብ ፊት በጣም ትንሽ ስለሆነ የሚደርስበት ጉልበት አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። የሕንፃ ማዕዘን ላይ ነፋስ በኃይል ስለሚስብ ይህን ብዙ እጥፍ አድርገን እንያዘው። አንድ ጡብ በገመድ አስሬ በሚዛን ሳብኩት። 20 ኪሎ ላይም ንቅንቅ አላለም።

ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነው። ፍሬሙን ስነቀንቀው ጡቦቹ ተንጫጩ። ክሊፑ ልል ስለነበር እንደ ጥርስ ይንገጫገጫሉ። ሌሊት ነፋስ ሲነፍስ ይህን የሚሰማ ሰው ቤቱን ይረግማል። የክሊፑን ወገብ ትንሽ ቀስት አድርጌ አጠፍኩት፣ ጡቡን ገፋ አድርጎ ይይዛል። ጸጥ አለ።

ቀን 15

የውሃ ፈተና። ይህ ዓይነት ልባስ ውሃ ሙሉ በሙሉ አያቆምም። ጥቂቱ በስፌቱ ይገባል፣ ከጡቡ ጀርባ ባለው ባዶ ክፍተት ይወርዳል፣ ከታች ይወጣል፣ የቀረውን አየር ያደርቀዋል። ክፍተቴ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ከኋላ ያለውን ሜምብሬን (ውሃ የሚከለክል ስስ ሽፋን) በጋዜጣ ሸፍኜ ግማሽ ሰዓት በጎማ ቱቦ ውሃ ለቀቅኩበት።

ከፈታሁት በኋላ ጋዜጣው ላይ በተርታ የተቀመጡ የእርጥበት ነጥቦች አየሁ። ስፌቶቹ ያሉበት ቦታ አይደለም። ክሊፖቹ ያሉበት ነው። ጭራቸው ወደ ውስጥ በጥቂቱ ዘንበል ብሎ ነበር፣ ውሃው እንደ ድልድይ ተሻግሮበታል። ጭራው ወደ ውጭ እንዲያዘነብል መልሼ አጠፍኩት፣ መሐሉ ላይም ጠብታ የሚወድቅበት ትንሽ እጥፋት ጨመርኩ። በሁለተኛው ሙከራ ጋዜጣው ደረቅ ነው። ሁለት ነጥብ ብቻ፣ የአንድ ክሊፕ ስህተት።

ያው ክፍተት ለእሳት ጭስ ማውጫ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል ታወር በተባለ የመኖሪያ ሕንፃ ቃጠሎ 72 ሰዎች ሞተዋል። እዚያ እሳቱን ያዛመተው በዋናነት ፖሊኢታይሊን የተባለ የሚቃጠል ፕላስቲክ ያለበት ልባስ ነው። ጡብ አይቃጠልም። ሆኖም በየፎቁ ክፍተቱን የሚዘጋ፣ ሲሞቅ የሚያብጥ ማገጃ ያስፈልጋል፣ ከኋላ ያለው ሁሉም የማይቃጠል መሆን አለበት። ይህን የሚፈትነው ላቦራቶሪ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ቀን 17

በሌላ ሰው እጅ የመጀመሪያው መፍታት። ግድግዳውን አይተውት የማያውቁ ሁለት ሰዎች ጠራሁ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ቁልፍ ሰጠኋቸው። አንድም ቃል አልተናገርኩም። ምላሴን ነክሼ ቆምኩ።

ከታች ጀመሩ! ሰው ከታች ነው የሚጀምረው፣ እጁ የሚደርስበት እዚያ ነውና። አንዱ የታችኛውን ጡብ በካቻቢቴ ሲፈለቅቅ ጠርዙን ሰበረው። 14 ደቂቃ ከፈጀ በኋላ መቆለፊያውን አገኙት። ከጎን መሸፈኛ ጀርባ ደብቄው ነበር፣ ውበት ብዬ። አንዴ ከገባቸው በኋላ ግን ሥራው ሸመጠጠ። ጠቅላላ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ፣ 3 የተሰበረ ጡብ። ሁለቱ የተሰበሩት በእነዚያ 14 ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ይህ ልቤን ነካው። መጋጠሚያውን ሳሳምር ከርሜ መግቢያውን ደብቄዋለሁ። ግድግዳውን የሚፈታው ሰው እኔን አያውቀኝም፣ ስልኬ የለውም። ምናልባት ከ60 ዓመት በኋላ ነው የሚመጣው።

ቀን 18

የመቆለፊያ ብሎኖቹን ወደ ጎን አወጣኋቸው፣ ይታያሉ። ቀለም ይለቃል፣ ተለጣፊ ወረቀት ይላጣል። ስለዚህ በማይዝግ ላሜራ ላይ በጡጫ ቀስትና ቁጥር መታሁ፦ 1፣ 2፣ 3። ላሜራው ላይ የብሎኑን መጠን፣ የክሊፑን ሥዕልና የጡቡን ሦስት መጠኖች ጨመርኩ።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ኢሶ 20887 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፣ ለመፍታት ተብሎ ስለሚነደፍ ሕንፃ የሚናገር። ከሚዘረዝራቸው ነገሮች ውስጥ ማያያዣው ዘንድ በቀላሉ መድረስ መቻል አንዱ ነው። አንብቤው ነበር። ማንበብና ሰው ጡብ ሲሰብር ቆሞ ማየት አንድ አይደለም። ሆላንድ ውስጥ የትሪዮዶስ ባንክ ሕንፃ ከ165,000 በላይ በሚሆኑ ብሎኖች ነው የተያያዘው፣ ቆጥረው መዝግበዋቸዋል። እኔ 33 ብሎን ይዤ ነው መንገድ ያሳሳትኩት።

ቀን 21

ሁለተኛው መፍታት፣ ሌሎች ሁለት ሰዎች። 46 ደቂቃ። አንድ የተሰበረ ጡብ፣ ከእጅ አምልጦ የወደቀ።

ሁለት ነገር ግን አሳፈረኝ። የመጀመሪያው፣ ለሁለተኛ ጊዜ ስገጥም ጠርዙ ላይ አንዲት ትንሽ ክፍተት አይቼ በሲሊኮን ሞልቻት ነበር። «ማን ያያል» ብዬ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ ያፈረስኩትም እኔ። ሲፈቱት ሜምብሬኑን ክንድ ያህል ቀደደው። ሁለተኛው፣ አንድ ዳዶ አልፈታ አለ። አልዛገም፣ ከብሎኑ ጋር ተያይዟል። የማይዝግ ብረት በማይዝግ ብረት ላይ በኃይል ሲጠብቅ አንዳንዴ እንዲህ ይነካከሳል። በግራይንደር ቆረጥነው። የሚፈታ ግድግዳ በግራይንደር! ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ብሎን ለዚሁ የተሠራ ቅባት ተቀብቶ ነው የሚገባው፣ በማሽንም አይጠብቅም፣ በእጅ ቁልፍ ብቻ።

ቀን 25

ሦስተኛው። 41 ደቂቃ ለመፍታት፣ የተሰበረ የለም። በድምሩ ከ180 ጡብ 4 ተሰበረ። ከሰዓት በኋላ ከግንበኛው ጋር ሆነን ሌላ ፍሬም ላይ መልሰን ገጠምነው። እሳቸው በዝምታ ነው የሠሩት። ስንጨርስ ውሃ ልኩን ከላይ ራሳቸው አስቀመጡ፣ አረፋው መሐል ላይ ቆመ። ስለ ስፌቱ ዛሬ ምንም አላሉም።

መሣሪያ ስንሰበስብ ሣጥኑን ገለበጥኩት። አንድ የፕላስቲክ ሮንዴላ ወደቀ። ቆጠርን፣ ግድግዳው ላይ ያሉት 32 ናቸው ማለት ነው። የሆነ ቦታ ላይ አሉሚኒየሙና ብረቱ በባዷቸው ተነካክተዋል፣ ከውጭ አይታይም።

ግንበኛውን አየኋቸው። ኮታቸውን ደርበው ነበር። አወለቁትና፣ «ከላይ ነው የሚጀመረው አይደል?» አሉኝ።